መርዶ ይዤ ወደ ጉለሌ

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ሱቄ ብቅ የምትሉ ሁሉ፣ ሬዲዮ ልታሠሩ የመጣችሁም ወሬ ልትጠይቁ የመጣችሁም፣ «ጉለሌ እንዴት ነው? የመምህሩ ወንድምስ እንዴት ሆኑ?» ስትሉኝ ለአንዱ ግማሹን፣ ለሌላው ሩቡን ስነግር ሰነበትኩ። ተቆራርጦ የተወራ ነገር መልኩን ይስታል። ስለዚህ ተቀምጬ ቀን በቀን ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ ጉለሌን ለማየት ምክንያት አይኖራችሁም፤ እኔንም ያደረሰኝ ደስ የሚል ምክንያት አልነበረም።

ለማታውቁኝ፣ ታዬ እባላለሁ፤ ዲላ ገበያው ጀርባ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ጋሽ በየነ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርና የልብ ወዳጄ ነበሩ። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ሲጫወት እሳቸው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሩቅ አገር ጣቢያ ሲያድኑ ያመሻሉ። አንድ ጣቢያ ሲያገኙ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሞገዱን መዝግበው «ድምፃችሁ ዲላ ድረስ እንዲህ ሆኖ ተሰምቷል» ብለው ይጽፉለታል፤ ጣቢያው ደግሞ «እውነት ነው፣ የሰሙት እኛን ነው» የሚል ካርድ በፖስታ ይልክላቸዋል። የሳሎናቸው ግድግዳ በእነዚህ ካርዶች ተሸፍኖ ቀለሙ አይታይም ነበር።

ይህን ሱስ ያስያዟቸው ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ለማ ናቸው። የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ቁስቋም ዳገት ላይ ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ጋሽ በየነን በማተሚያ ቤት ፊደል እየለቀሙ ያሳደጉትና ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወንድማማቾቹ ተራርቀው መኖር ከጀመሩ ወዲህ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከባሕር ማዶ በአማርኛ የሚያሰራጭ አንድ ጣቢያ ቅዳሜ ማታ የአድማጮችን ደብዳቤ ያነባል፤ ሁለቱም ለዚያ ጣቢያ ይጽፉና በዚያው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። «ስልክ እያለ ምን አደከማችሁ?» ብዬ አንድ ቀን ጋሽ በየነን ጠየቅኳቸው። «ስልክ ጉዳይ ላለው ሰው ነው። እኛ ጉዳይ የለንም፤ መሰማማት ብቻ ነው የምንፈልገው» አሉኝ።

ጋሽ በየነ በጉበት ሕመም አረፉ። በዚያው ሰሞን ጋሽ ለማ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ልጃቸው ሰብለ «አባቴ እንዳይሰማ፤ ይገድለዋል» አለችን። ለእሳቸው የተነገራቸው ወንድማቸው ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ድምፁ እንደተዘጋ፣ ሐኪምም እንዳይናገር እንደከለከለው ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ሁለት ወር ሙሉ እየከበደ ሄደ። በመጨረሻ ሐኪማቸው «አሁን ይችላሉ» ሲል ሰብለ ደወለችልኝ። እሑድ ንጋት ላይ የእድሩ ሽማግሌዎች ሊያረዷቸው ተነጋግረዋል። «ግን አባዬ በሰው ወሬ አያምንም። ከአልጋው አጠገብ የነበረ ሰው ካልነገረው አይቀበለንም። ጋሽ ታዬ፣ እባክዎ ይምጡልን» አለችኝ።

እሺ ለማለት ያዘገየኝ የመንገዱ ርዝመት አልነበረም። ጋሽ በየነ ሊሞቱ ስምንት ቀን ሲቀራቸው ለዚያ ጣቢያ የጻፉትን ደብዳቤ አሽገው «አደራ፣ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት ጣልልኝ» ብለው ሰጥተውኝ ነበር። በሥራ ካፖርቴ ኪስ ከትቼ ረሳሁት። ያገኘሁት ከሰልስታቸው ማግስት ነው። የሙት አደራ አይቀደድ፣ አይቃጠል ነገር! ሄጄ ፖስታ ቤት ጣልኩት። በዚያ ሰዓት ጸጸቱ ስላቃጠለኝ ደብዳቤው የት ደርሶ ከማን ጆሮ እንደሚገባ አላሰብኩም። ያሰብኩት ሰብለ ከደወለች በኋላ ነው፤ ለእሷም አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ከዲላ የተነሳሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ባለቤቴ ብርቱካን ጥሬ ቡናና አንድ ጣሳ ማር አዘጋጅታ ካበቃች በኋላ ሻንጣው ላይ ቆማ «መርዶ የሚያደርስ ሰው ስጦታ ይይዛል እንዴ?» አለችኝ። ሁለታችንም አናውቅም። ባዶ እጅ መግባትም ያስጠረጥራል ብለን ቡናውን ያዝኩ፣ ማሩን ተውኩት። ጥቁር ኮቴን አስቀርታ ለሠርግ የምለብሰውን ሰማያዊ ሸሚዝ አስለበሰችኝ። እንደ ሚዜ ተውቤ ለሐዘን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

እስከ ሐዋሳ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጭቃው። ሻሸመኔን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የተሳፈርኩበት ሀይሩፍ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ቅያሪው ጎማም ነፍስ አልነበረውም። ሾፌሩ ሁለቱንም ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ጎሚስታ ሲሄድ ከፀሐዩ ለመሸሽ አብሬው ሄድኩ። የጎሚስታው ባለቤት ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀላት ሬዲዮ ሁለት ቃል ትናገርና ትዘጋለች፤ በቡጢ ሲላት ትነሳለች። ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። አውርጄ የባትሪውን መያዣ ዝገት በቢላዋ ጫፍ ፋቅኩላት፤ ሳትቆራረጥ ዜና ማንበብ ጀመረች።

«ውይ አባቴ! እኔ እኮ ሦስት ዓመት ስደበድባት ኖርኩ» አለና ወንበር አመጣልኝ፤ ሻይና የተጠበሰ በቆሎም አስከተለ። «ወዴት ነው ጉዞው?»

«ጉለሌ።»

«ለደስታ ነው ለሐዘን?»

ሰማያዊው ሸሚዝ ፊቴን አልሸፈነውም ማለት ነው። «ለጥየቃ» አልኩት። የዚህ ጉዞ የመጀመሪያዋ ውሸቴ ይህች ናት፤ የተናገርኳትም ምንም ለማይጎዳው ሰው ነው።

በጎማው ምክንያት ስለመሸብን ዝዋይ አደርን። ያደርኩበት አልቤርጎ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚስማርና የተቀደደ አጎበር ያለው ነው። ባለቤቲቱ ግን ዓሣ ጠብሳ ስታበላኝ «የእናንተ አገር ሰው ዓሣ አያውቅም ይባላል፤ እሾሁን እኔ ላውጣልዎ» ብላ አጠገቤ ተቀምጣ እሾህ ስትለቅም አመሸች። ለወትሮው ከሬዲዮዬ አልለይምና ትንሿን ከፈትኳት። አምፖሉ ዋጋ የማያወጣ ዓይነት ስለነበር ሞገዱን ሁሉ በጩኸት ሞላው፤ ምንም አልሰማሁም። ደግሞም ደስ አለኝ። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆንም ያ ጣቢያ ቢመጣ ምን ሊል እንደሚችል ፈርቼ ነበር።

ዓርብ

አዲስ አበባ የገባነው በቃሊቲ በኩል ነው። እኛ ዘንድ ታክሲ ሲመጣ ጉልበት ያለው ይገባል። እዚያ ሰው እንደ ቆራቢ ተሰልፎ ይቆማል፤ አንድ ሰው ዘሎ ቢገባ ሰልፈኛው በሙሉ በአንድ አፍ ይጮህበታል። ተጮኾብኝ ተማርኩ። ታክሲ ቀያይሬ ዊንጌት ስደርስ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ይፈሱ ነበር። ሰብለ እዚያ ልትቀበለኝ ተነጋግረናል፤ ስልኬን ሳወጣ ግን ባትሪው አልቋል። አንዲት ባለ ሱቅ ግራ መጋባቴን አይታ «ይስጡኝ ልሰካልዎ፤ እስኪሞላ እዚህ ሳጥኑ ላይ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። ከየት መጣህ፣ ማንን ትፈልጋለህ ሳትለኝ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠችኝ። ዲላ ቢሆን ስልኩ ሳይሞላ የሰባት ትውልድ ታሪኬ ይጠየቅ ነበር።

ሰብለ አርባዎቹን የጨረሰች፣ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት የምትሠራ ቀጭን ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥታኝ ሳታበቃ ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሽ ታዬ፣ ፊትዎን ይጠብቁልኝ። እንዳያለቅሱ። ደግሞ ዝም ብለውም እንዳይቀመጡ፣ ዝምታ ይገባዋል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሳያውቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው። በቃ፣ የአንድ ቀን ነገር ነው።»

ከዊንጌት ሌላ ታክሲ ይዘን ወረድንና የቁስቋምን ዳገት በእግር ተያያዝነው። ከዲላ ወበቅ ለሄደ ሰው ብርዱ አጥንት ይነካል። ባሕር ዛፍ ነው ዙሪያው፤ ቅጠሉ ሲረገጥ የጉንፋን መድኃኒት ይሸታል። ሦስት ጊዜ ቆሜ ትንፋሽ ወሰድኩ። ሰብለ የገበያ ዘንቢል ይዛ አንድም ጊዜ አልቆመችም።

የጋሽ ለማን ቤት ከሩቅ ያወቅኩት በሽቦው ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያው ተነስቶ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ላይ የሚታሰር ረጅም የአንቴና ሽቦ አለው፤ ልብስ ማስጫ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እሳቸው በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጋሽ በየነን ሃያ ዓመት አስረጅታችሁና አቅጥናችሁ አስቡ።

«ታዬ! አንተ ነህ? የበየነ ታዬ?» ብለው ተነሱ። ሦስቴ ሳሙኝ። ከዚያ ትከሻዬን እንደያዙ «እንዴት ነው ወንድሜ? ድምፁ አልተመለሰም?»

«ያው ናቸው፣ ጋሼ» አልኩ። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሙሉ መንገድ ሳጠናት የመጣሁት መልስ ናት።

እራት ሽሮና ጎመን ነበር፤ ዓርብ ነው። «ለእናንተ ለጴንጤዎቹ ጾም የለም፤ ሰብለ፣ እንቁላል ጥበሺለት» አሉ። እኔም የቀረበውን እበላለሁ አልኩ። «በየነም እንዲህ ነው፤ የቀረበለትን ይበላል። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ያሳረርኩትን ወጥ አንድ ቀን መጥፎ ነው ብሎ አያውቅም» አሉና ሳቁ። ሰብለ ሳህን ለማንሳት ብላ ወጣች፤ ሳህኖቹ ግን ገና አልተበሉም ነበር።

ከዚያ የፈራሁትን ተናገሩ። «ነገ ቅዳሜ ነው። እሱ መናገር ባይችል መጻፍ አያቅተውም፤ አንድ ቀን ደብዳቤው መነበቡ አይቀርም። ግን ሦስት ቅዳሜ ሆነው ሬዲዮዬ ደከመብኝ። ሞገዱ አለ፤ ሩቅ ነው። ባለሙያ እግዜር ላከልኝ፤ ጠዋት ታይልኛለህ።» አያለሁ አልኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት በመሰላል ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ከዚያ ላይ ከተማው በሙሉ ይታያል፤ ክሬኑ፣ ፎቁ፣ ጭሱ። እኔ ያየሁት ግን አንዲት ጣት የምታክል ቦታ ነው። ሽቦው ወደ ቤት ከሚገባው ገመድ ጋር የተገናኘበት ቋጠሮ አረንጓዴ ዝገት በልቶት ሊበጠስ ደርሷል። የጋሽ ለማ ሬዲዮ በሽታ ይሄው ነበር። በፒንሳና በናስትሮ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

እውነቱን ልጻፍ። ቆርቆሮው ላይ ተቀምጬ ወዲያው ሥራዬን አልጀመርኩም። አንድ ጊዜ ጎተት ባደርገው ቋጠሮው ይበጠሳል፤ «ዕቃ ይፈልጋል፤ ሰኞ ገበያ ወርጄ እገዛለሁ» ብል ማንም አይጠረጥረኝም። ደብዳቤው ቢነበብም አይሰማም። እሑድ ደግሞ ሁሉም ነገር ያበቃል። ሰብለ ከታች መሰላሉን ይዛ «አገኙት?» ትላለች። የደብዳቤውን ነገር ያኔ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም።

ጋሽ ለማ ደግሞ ከበረንዳው «ታዬ፣ ስትወርድ ቀስ ብለህ፤ ጠዋት ቆርቆሮው ያዳልጣል!» አሉ። ለእኔ መውደቅ የሚሰጋ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ጆሮውን ልቆርጥበት። እጄ እምቢ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ዕቃ አበላሽቼ አላውቅም። ዝገቱን ፍቄ፣ አዲስ ጠምዝዤ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ ወረድኩ። ምናልባት ካለፉት ሦስት ቅዳሜዎች በአንዱ ተነቦ አልፎ ይሆናል ብዬ ጸለይኩ።

ከሰዓት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው እስከ ቁስቋም ማርያም በር አብረን ሄድን። የጉለሌን የእጽዋት ማዕከል ሊያሳዩኝ አስበው ነበር፤ እግራቸው አልቻለም። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስለ መጀመሪያዋ ሬዲዮ አወሩኝ። ከማተሚያ ቤት አንድ ሰው ሲሄድ የተወላቸው ነች። በየነ ያኔ ልጅ ነበር፤ ጨለማ ይፈራል፤ ሬዲዮዋን ከፍተው «ስማ፣ ይሄ ሰውዬ የሚያወራው ከሌላ አገር ነው፤ እዚያ አሁን ፀሐይ አለ» ሲሉት ይተኛል። «ጂኦግራፊ ያስመረጠው ያ ነው፤ ፀሐይ ያለበትን አገር ሊያውቅ» አሉኝ። የማደርገው ቢጠፋኝ ጫማዬን ፈትቼ መልሼ አሰርኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀርብ አንድ ነገር አየሁ። እኛ ዲላ ሞገዱ ጸጥ ያለ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ቻርጀሩ፣ አምፖሉ፣ ውሃ መግፊያው ሁሉ ሬዲዮ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጋሽ ለማ ሲሉ ጎረቤቶች ለግማሽ ሰዓት ኤሌክትሪካቸውን ያጠፋሉ። ሰብለ የቤቱን ቆጣሪ አወረደች። በግራ ያለው ቤት ጠፋ፣ ከላይ ያለው ጠፋ፣ ሳሎኑ ቴሌቪዥን የሚታይበት ቤት እንኳ ልጆቹ እያጉረመረሙ ጠፋ። ሻማ ለኮስን። በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ጉርብትና በመንደራችን አላየሁም።

ጣቢያው ገባ፤ ጎረቤት ሆኖ የሚያወራ ያህል ጥርት ብሎ። ጋሽ ለማ እጄን ጨበጡኝ። «ምን አደረግከው? ሬዲዮው እኮ የወጣት ጆሮ አበቀለ!» ሁለት ደብዳቤ ተነበበ፤ አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከሐረር። ከዚያ አንባቢዋ «ቀጣዩ ከዲላ ከተማ፣ ከቆየ አድማጫችን ከመምህር በየነ ነው» አለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደብዳቤው አጭር ነበር። ስርጭቱ ዲላ በደንብ እንደሚሰማ ነጥብ ሰጥተዋል። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ «ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ ለማ፣ ጉለሌ፣ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን እየተሻለኝ ነው። ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ አይሃለሁ። አንተ ብቻ ልብህን ጠብቅ። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ አለሁ።» ዘፈን ተከተለ።

ጋሽ ለማ ተነሱ። ከዘራቸውን ረስተው ወደ በረንዳ ወጥተው በጨለማው ውስጥ «ተሰማ! በየነ ነው! እየተሻለው ነው! አብሩ፣ አሁን አብሩ!» ብለው ጮኹ።

ከአጥሩ ማዶ ማንም አልመለሰም። ሁሉም ያውቃል። ከቆይታ በኋላ አንዲት ሴት በሰለለ ድምፅ «እሰይ ጋሽ ለማ፣ እግዜር ይመስገን» አለች። ከዚያ መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ።

እሳቸው ሲተኙ ሰብለ ማድ ቤት ጠራችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምንድን ነው ይሄ? የሙት ደብዳቤ ከየት መጣ?» ሁሉን ነገርኳት፤ ኪሱን፣ ሰልስቱን፣ ፖስታ ቤቱን፣ የጠዋቱን ቋጠሮ። አልጮኸችብኝም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «አንድ ሳምንት እናቆየው። እንደዚህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አንድ ሳምንት ብቻ።»

«ነገ መልስ ይጽፋሉ» አልኳት። «ከዚያ የመልሱን መልስ ይጠብቃሉ። ማን ይጽፍላቸዋል?»

ተነስታ ነጠላዋን ለነገ አወጣች።

እሑድ

ሊነጋ ሲል መጡ። የእድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባታቸው፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ጎረቤቶች፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ድምፅ ላለማሰማት ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው ገቡ። መርዶ በንጋት የሚነገረው ሰውዬው ሌሊቱን ብቻውን እንዳያለቅስ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲኖረው ነው። እኛ ዘንድም እንደዚሁ ነው። በዚህ በኩል አገር አይለይም።

ጋሽ ለማ ግን ቀድመውን ነቅተዋል። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ለጣቢያው ሪፖርት ይጽፋሉ። ቀና ብለው ሰዎቹን አዩ፣ ነጠላዎቹን አዩ። እስክሪብቶውን አላስቀመጡም።

የእድሩ ዳኛ እንደ እሳቸው የሸመገሉ ሰው ናቸው። «ለማ፣ ጠንክር። ወንድምህ በየነ ዐርፏል። እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

«ተሳስታችኋል» አሉ ጋሽ ለማ፣ በተረጋጋ ድምፅ። «ማን ነው የነገራችሁ? ትናንት ማታ ሰምቼዋለሁ። ይኸው።» ወረቀቱን አነሱ። «የድምፁ ጥንካሬ ከአምስት አምስት፣ ጥራቱም አምስት። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ዝም በሉ እንጂ፣ አታልቅሱ! እየተሻለው ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዲላ ድረስ የተጠራሁት ለዚህ ነው። ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥህ። እና?»

«ተሰጥቶኝ ረሳሁት። ዘግይቼ ነው የጣልኩት።»

«መቼ ጣልከው?»

«ከሰልስቱ ማግስት።»

«ከማን ሰልስት?»

«ከጋሽ በየነ።»

እስክሪብቶው ወደቀ። ማንም አላነሳውም። ከዚያ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ሲጽፈው ያውቅ ነበር?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። አያውቁም ነበር ማለት ቀላል ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። «ያውቁ ነበር» አልኩ። «ሐኪሙ የነገራቸው ከመጻፋቸው በፊት በነበረው ቀን ነው። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።»

«እናንተስ ይሁን» አሉ ቀስ ብለው፣ ቤቱን እየቃኙ። «ሰብለ ትዋሸኝ፣ ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው። ጎረቤት ይዋሸኝ። እሱ እንኳ ዋሸኝ? ከእናት አስበልጬ ያሳደግኩት ወንድሜ?» ያን ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ። «በየነ! እኔን ልብህን ጠብቅ እያልክ! አንተ ስትሞት እኔን ልብህን ጠብቅ እያልክ!» ደረታቸውን ሲመቱ ሦስት ሰው ይዟቸው አልቻለም።

ድንኳን ተተከለ። ትናንት መብራት ያጠፋልን ጎረቤት ሁሉ ዛሬ ወንበርና ድስት ተሸክሞ መጣ። እኔ የድንኳን ገመድ ሳጠብቅ፣ ውሃ ሳመላልስ ዋልኩ፤ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከሰዓት ላይ ሰብለ አባቷ እግር ሥር ወድቃ «ማረኝ አባዬ፣ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው» ስትል ሰማሁ። እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። «አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ ነው። ግን ልጄ፣ በየነን ያለ እኔ ቀበራችሁት። ሁለት ወር ስስቅ ኖርኩ።» ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ እሷም ከዚያ ቦታ እስኪመሽ አልተነሳችም።

ሰኞ

ጠዋት ልሰናበት ገባሁ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸውን አልላጩም፤ አንድ ሌሊት አሥር ዓመት ጨምሮባቸዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ተው ታዬ። በጊዜው ጥለኸው ቢሆን ሬዲዮዬ ደክሞ ሳለ ይነበብና ሳልሰማው ያልፍ ነበር። ረሳኸውና ተሰማ።» ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ። «አንተስ? ጤናህ እንዴት ነው? እውነቱን ንገረኝ። እኔ ካሁን ወዲያ ውሸት የምሰማበት ጆሮ የለኝም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርኩ። የግራ ዓይኔ ማየት ካቆመ ስምንት ወር ሆኖታል። ቀኙም እንደማይቆይ ሐዋሳ ያለ ሐኪም ነግሮኛል። ሽቦ የማገናኘው በዳሰሳ ነው። ለሚስቴ አልነገርኳትም ነበር፤ እናንተም ሬዲዮ የምታመጡልኝ አሁን ከዚህ ወረቀት ላይ አወቃችሁ። ጋሽ ለማ እጄን ያዙኝ። አይዞህም አላሉኝም። «ንገራት» ብቻ አሉኝ።

የመመለሻው መንገድ የሚተረክ ነገር አልነበረውም። ጎማ አልፈነዳም፤ ዝዋይም አላደርንም። ዲላ ስደርስ ይዘንብ ነበር፤ ከጉለሌ ብርድ በኋላ ዝናቡ ሞቀኝ። ብርቱካን በር ላይ ተቀብላ ሻንጣዬን ያዘችና «እንዴት ነህ? ደህና ነህ?» አለችኝ። «ደህና» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«ተቀመጪ ብርቱካን» አልኳት። «የምነግርሽ አለ።»